ነጥብ ያልተቆጠረበት ወጣት ለምን ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን። የ16 ዓመት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ወርዋሪ ነው። በጸደይ ዝግጅት ወቅት አብረን ስንከታተል አንድ ወጣት ወርዋሪ በአራት ጨዋታ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወደ ማይነር ሊግ (ወደ ታችኛው ሊግ) ተላከ፤ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት ሌላው ግን ከአምስቱ ጀማሪዎች፣ ማለትም በየተራ ጨዋታ ከሚጀምሩት ወርዋሪዎች አንዱ ሆነ። ልጄ ‹አሰልጣኙ ያዳላል› ይላል። እርሱም በትምህርት ቤቱ ቡድን ለሦስት የጀማሪ ቦታ ከሌሎች ልጆች ጋር እየተፎካከረ ነው። አሰልጣኙ እንዲያየው በየቀኑ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል። አሁን ‹ከቡልፔን ትጀምራለህ›፣ ማለትም ተጠባባቂ ወርዋሪ ትሆናለህ ስለተባለ አዝኗል። ምን ልበለው?»

ምላሽ፦

ልጅዎ አድልዎ ያለው ነገር በአብዛኛው አድልዎ አይደለም። ዋናው አሰልጣኝ ወጣቶቹን ለመመዘን በእጁ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ ደካማው የዝግጅት ጨዋታ ውጤት ነው። አራት ጨዋታ ለአንድ ወርዋሪ ቢበዛ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች አንዱ ኢኒንግ ይባላል) ነው። ነጥብ ያልተቆጠረበት ልጅ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን የወረወረው የተጋጣሚ ዋና ዋና መቺዎች ተቀይረው ከወጡ በኋላ እንደሆነ የውጤት ሰሌዳው አይናገርም። ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት ደግሞ ያን ቀን «ፈጣን ኳስህን ተወው፤ ቼንጅአፕህን (ፈጣን መስሎ ዝግ የሚለውን ውርወራ) ሥራበት» ተብሎ ታዝዞ ሊሆን ይችላል። ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ግማሾቹ ቡድኖች በፍሎሪዳ፣ ግማሾቹ በአሪዞና ይዘጋጃሉ፤ በአሪዞና ደረቅ አየር ውስጥ ከርቭ ኳስ እንደ ወትሮው አይታጠፍም፣ የተመታ ኳስም ይርቃል። አንድ ዓይነት ውርወራ በሁለቱ ቦታዎች ሁለት ዓይነት ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

አሰልጣኙ የሚያየው ከውጤቱ ጀርባ ያለውን ነው። ወጣቱ ለመቺው የሚልካት የመጀመሪያዋ ኳስ ስትራይክ (መቺው ሊመታት በሚገባው ክልል የምታልፍ ውርወራ) ትሆናለች? ከስትራይክ ውጪ የሆኑ ውርወራዎች በዝተው ቆጠራው ወደ መቺው ሲያደላ ከፈጣን ኳስ ሌላ የሚተማመንበት ውርወራ አለው? በመጀመሪያው ኢኒንግ የነበረው ፍጥነት በአራተኛው አብሮት አለ? በማግሥቱ ክንዱ እንዴት አደረ? ተጋጣሚ ቤዝ ላይ ሲቆምበት ይረበሻል ወይስ ሥራውን ይቀጥላል? ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ሦስተኛው ዙር ነው። ዘጠኙ መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት ከመጀመሪያው ይልቅ በደንብ ይመቱታል፤ ኳሱን አይተውታል፣ ልማዱን አውቀውታል። ስለዚህ ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አስተማማኝ ውርወራዎች ያስፈልጉታል። ሁለት ብቻ ያለው ልጅ በመጋቢት ወር ሁለት ሁለት ኢኒንግ እየወረወረ ማንንም ሊያስደንቅ ይችላል፤ ሰኔ ሲደርስና ስድስት ኢኒንግ ሲጠበቅበት ግን ይጋለጣል። ያዩት ልጅ ወደ ማይነር ሊግ የተላከው ሦስተኛውን እንዲማር ሊሆን ይችላል፤ ቅጣት አይደለም።

ሌላው መስተካከል ያለበት ሐሳብ ስለ አምስቱ ቦታ ነው። በእግር ኳስ የግብ ጠባቂ ቦታ አንድ ነው፤ ያጣው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የጀማሪ ወርዋሪዎች ተራ እንዲህ አይደለም። የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ቡድን በስድስት ወር ገደማ 162 ጨዋታ ይጫወታል። አንዱ ክርኑን ያመዋል፣ ሌላው ጀርባውን፣ ሦስተኛው መወርወር እያቃተው ይመጣል። ወቅቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ቡድኖች ከአምስት እጅግ የሚበልጡ ጀማሪዎችን ተጠቅመው ይገኛሉ። ስለዚህ በመጋቢት መጨረሻ ስድስተኛ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ የሆኑት ወጣቶች አልተሸነፉም፤ ወረፋ ይዘዋል። ይህን ለወጣቱ በግልጽ ያልነገረ አሰልጣኝ ልጁን ያለምክንያት ተስፋ ያስቆርጠዋል።

ወረፋው የሚደረደረው ደግሞ በችሎታ ብቻ አይደለም። አንድ የሜጀር ሊግ ቡድን 26 ተጫዋቾች ይይዛል፤ ከእነርሱ ወርዋሪዎች ከ13 አይበልጡም። በቡድኑ ሰፊ ዝርዝር ውስጥ የገባ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት የውድድር ዓመታት ያለሌሎች ቡድኖች ጣልቃ ገብነት ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድና ሊመለስ ይችላል። ይህ መብት ያለቀበትን ተጫዋች ግን ቡድኑ ሊያወርደው ቢፈልግ አስቀድሞ ለሌሎች ቡድኖች ክፍት ማድረግ አለበት፤ አንዱ ሊወስድበት ይችላል። ሁለት ወርዋሪዎች ተቀራራቢ ከሆኑ የሚቆየው ይህ መብት ያለቀበት ነው። አንዱን በነጻ ከማጣት ሁለቱንም ይዞ መቆየት የማንም አስተዋይ ቡድን ምርጫ ነው። የወረደ ወርዋሪ ደግሞ፣ የተጎዳ ሰው ካልተካ በስተቀር፣ ቢያንስ 15 ቀን ሳይቆይ አይመለስም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የልጅዎ ቅሬታ መሠረት አለው። በሜጀር ሊግ 172 ቀን ያገለገለ ተጫዋች አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላ ወደፈለገው ቡድን ለመሄድ ነጻ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ የተጠራ ወጣት ለቡድኑ አንድ ተጨማሪ ዓመት ሊያተርፍለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈረመው የሠራተኛ ስምምነት ይህን ለማለዘብ ሞክሯል፤ ከሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋቾች አንደኛ ወይም ሁለተኛ የሚወጣ ወጣት ሙሉ ዓመት እንዲቆጠርለት ፈቅዷል። ፖል ስኪንስ በፒትስበርግ በ2024 የተጠራው ሜይ 11 ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆኖ ስለተመረጠ ዓመቱ ሙሉ ተቆጥሮለታል። ወጣትን ለገንዘብ ሲባል ማዘግየት ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ ይህ የሚወሰነው ተጫዋቾችን በሚያዋውለው ኃላፊ፣ በጄኔራል ማናጀሩ ቢሮ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለው ዋና አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የሰጡትን ይዞ ይሠራል።

የዋናው አሰልጣኝ እውነተኛ ኃላፊነት ፉክክሩን የሚመራበት መንገድ ነው፤ እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ለስምንት ወጣቶች «አምስት ቦታ አለ፤ ተፋለሙ» ብሎ መተው ቀላል ነው። ልጆቹ ግን የሚፋለሙት በክርናቸው ጅማት ነው። እያንዳንዷ ውርወራ ፈተና የሆነችበት ወጣት ሰውነቱ ገና ሳይዘጋጅ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል፤ ሲያመው ይደብቃል፤ አንድ ቀን ዕረፍት መጠየቅ ቦታውን ለጓደኛው ማስረከብ ይመስለዋል። ሜጀር ሊግ ራሱ በታኅሣሥ 2024 ይፋ ባደረገው የጉዳት ጥናት ከተጠቀሱት ዋና ምክንያቶች መካከል ፍጥነትን ማሳደድና በእያንዳንዱ ውርወራ ሙሉ ኃይልን ማውጣት ይገኙበታል፤ ጉዳቱ በጸደይ ዝግጅት ወቅት እንደሚበዛም ጥናቱ አሳይቷል። የሊጉ አማካይ የፈጣን ኳስ ፍጥነት በ2008 ከነበረበት በሰዓት 91 ማይል ገደማ በ2024 ወደ 94 ከፍ ብሏል። ጡንቻ በልምምድ ይዳብራል፤ በክርን ውስጠኛ ጎን ያለው ትንሽ ጅማት ግን በዚያው መጠን አይጠነክርም።

ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን ክርን በሌላ ጅማት ከጠገኑ ወዲህ የዚህ ጅማት መበጠስ የሥራ መጨረሻ መሆኑ ቀርቷል፤ ጆን ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል። ይህ ታሪክ ግን በወላጆች ዘንድ አደገኛ እምነት ፈጥሯል፤ ቀዶ ሕክምናው ክንድን ያፈጥናል፣ ስለዚህ ቢደርስም ችግር የለውም የሚል። ስህተት ነው። ቀዶ ሕክምናው የተበጠሰውን ይተካል፤ ወደ ጨዋታ መመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ወደ ቀድሞ ብቃታቸው የማይመለሱም አሉ።

ጥሩ አሰልጣኝ እንግዲህ ምን ያደርጋል? ለእያንዳንዱ ወጣት ለብቻው ሦስት ነገር ይነግረዋል፦ ዛሬ በወረፋው የት እንዳለ፣ ከፍ እንዲል የሚፈለግበት አንድ የተለየ ነገር ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደገና እንደሚታይ። «ጥሩ ነህ፤ ቀጥልበት» ለወጣት ወርዋሪ ምንም አይጠቅመውም። «ለግራኝ መቺ ከቼንጅአፕህ ግማሹ ስትራይክ እስኪሆን እዚያ ትቆያለህ» ግን መጥፎ ዜና ቢሆንም ሊሠራበት የሚችል ነገር ነው። ሕመም መናገር ቦታ እንደማያሳጣ ደግሞ በቃል ብቻ ማለት አይበቃም፤ የመጀመሪያው ልጅ ክንዴን አመመኝ ብሎ ሁለት ሳምንት ካረፈ በኋላ ቦታው ሲመለስለት ሌሎቹ ያያሉ፤ ካልተመለሰለትም ያያሉ።

መቼ ታግሶ ማቆየት፣ መቼ ማውረድ እንደሚገባ ታሪክ የሚሰጠን መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ግሬግ ማዱክስ በ1987 በቺካጎ ኩብስ 6 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት 18 አሸነፈ። ቶም ግላቪን በ1988 በአትላንታ 7 አሸንፎ 17 ተሸነፈ፤ በ1991 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ሆነ። ጆን ስሞልዝ በዚያው 1991 የመጀመሪያውን አጋማሽ 2 ለ11 በሆነ ውጤት ሲጨርስ ዋናው አሰልጣኝ ቦቢ ኮክስ ከተራው አላስወጣውም፤ በሁለተኛው አጋማሽ 12 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ፤ የዓለም ዋንጫ የሚባለውን የሜጀር ሊግ ፍጻሜ (ወርልድ ሲሪስ) ሰባተኛ ጨዋታም የጀመረው እርሱ ነበር። ሦስቱም ዛሬ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በሌላ በኩል ሮይ ሃላዴይ አለ። በ2000 በቶሮንቶ በየዘጠኝ ኢኒንጉ በአማካይ ከአሥር በላይ ነጥብ ተቆጠረበት፤ በ2001 ቡድኑ እስከ ታችኛው የኤ ደረጃ ሊግ አወረደው። እዚያ ከአሰልጣኝ ሜል ኩዊን ጋር የክንዱን ማዕዘን ዝቅ አድርጎ አወራወሩን ከሥሩ ሠራ። በ2003 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ነበር፤ እርሱም የክብር አዳራሹ አባል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኳሳቸው ጥሩ ነበር፤ የጎደላቸው ልምድ ነበር፤ ልምድ ደግሞ የሚገኘው እዚያው እየተሸነፉ ነው። ሃላዴይ ግን የሚወረውራት ፈጣን ኳስ ቀጥ ብላ ለመቺው የምትመች ሆና ነበር፤ እዚያው ላይ ቢቆይ የሚማረው መሸነፍን ብቻ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ መለየት ያለበት ይህን ነው፤ ችግሩ ውጤቱ ላይ ነው ወይስ ውርወራው ላይ? የውጤት ችግር በትዕግሥት ይታለፋል። የውርወራ ችግር ከተመልካች ርቆ መሠራት አለበት።

አሁን ወደ ቡልፔን እንምጣ። ልጅዎ እንደ ውርደት ቆጥሮታል፤ አይደለም። በባልቲሞር ኦሪዮልስ ለረጅም ዓመታት ዋና አሰልጣኝ የነበረው ኧርል ዊቨር ወጣት ወርዋሪዎችን አስቀድሞ ከቡልፔን ረጅም ኢኒንግ በማስወርወር የማስለመድ ልማድ ነበረው፤ በ1971 አራት ወርዋሪዎቹ እያንዳንዳቸው 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ ያሸነፉለት ሰው ነው። ዮሃን ሳንታና በሚኒሶታ የመጀመሪያ ዓመታቱን በአመዛኙ በቡልፔን አሳልፎ በ2004 እና በ2006 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ሆነ። አዳም ዌይንራይት በ2006 የሴንት ልዊስን የዓለም ዋንጫ ከቡልፔን ገብቶ ዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጀማሪ ሆነ። ቡልፔን ወጣቱን በጥቂት ኢኒንግ ከጠንካራ መቺዎች ጋር ያገናኘዋል፤ የዓመቱን ጠቅላላ ውርወራም ይቀንስለታል።

ጎጂው ነገር መዋዠቅ ነው። አንድን ወጣት በአንድ የውድድር ዓመት ሳምንት ጀማሪ፣ ሳምንት ተጠባባቂ እያደረጉ ማመላለስ የክንዱን የዝግጅት ሥርዓት ያፈርሰዋል። ጀማሪ የሚወረውርበትን ቀን ያውቃል፤ ዕረፍቱን፣ ቀላል ልምምዱን፣ እንቅልፉን ሳይቀር በዚያ ያስተካክላል። ተጠባባቂ ግን በማንኛውም ቀን ሊጠራ ይችላል። ከጀማሪነት ወደ ቡልፔን መሄድ ቀላል ነው፤ ከቡልፔን ወደ ጀማሪነት ለመመለስ ግን የሚወረውረውን ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መገንባት ያስፈልጋል። በአንድ ሌሊት የሚደረግ ከሆነ ወላጅም ሆነ ተጫዋች መቃወም ይገባቸዋል።

የኢኒንግ ገደብ፣ ማለትም ወጣት ወርዋሪ በዓመት የሚወረውረውን ኢኒንግ መወሰን ሁሉን ይፈታል ብለው የሚያምኑም አሉ። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ የወርዋሪውን የስቲቨን ስትራስበርግን ታሪክ ታውቁት ይሆናል። ጁን 8 ቀን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ፤ ወቅቱ ሳያልቅ ክርኑ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2012 ቡድኑ የዋሽንግተን ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜው ዙር ሲዘጋጅ ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞ ስትራስበርግን 159 ኢኒንግ ከሲሶ ላይ አስቆመው፤ ቡድኑ ያለእርሱ በሴንት ልዊስ ተሸንፎ ወጣ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ይቆጫል። ስትራስበርግ በ2019 የዓለም ዋንጫው ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰውነቱ ከዳው፤ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በ2024 ጨዋታውን ተወ። ገደቡ አዳነው የሚልም፣ ከንቱ ነበር የሚልም ከዚህ ታሪክ ማስረጃ ሊያወጣ ይችላል። እኔ ሪዞ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ከቀዶ ሕክምና በተመለሰ የ24 ዓመት ወጣት ክንድ ላይ ቁማር አይጫወቱም። ነገር ግን የኢኒንግ ቁጥር ሻካራ መለኪያ ነው። በአሥር ውርወራ ያለቀ ኢኒንግና ሠላሳ አምስት ውርወራ የፈጀ ኢኒንግ በወረቀት ላይ እኩል አንድ ናቸው፤ ለክንድ ግን አይደሉም። ጉዳትን ሙሉ በሙሉ የሚከላከል ቁጥር ማንም የለውም። ቁጥሩ አደጋን ይቀንሳል፤ ከዚህ በላይ አይጠብቁበት።

የልጅዎን ጉዳይ በሚመለከት ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ በየቀኑ በሙሉ ኃይል መወርወሩን ዛሬውኑ ያቁም። ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ፌዴሬሽን ያወጡት መመሪያ ለ15 እና 16 ዓመት ልጆች በአንድ ቀን ከ95 ውርወራ እንዳይበልጥ ይላል። ከ31 እስከ 45 ለወረወረ አንድ ቀን፣ እስከ 60 ሁለት ቀን፣ እስከ 75 ሦስት ቀን፣ ከ76 ጀምሮ አራት ቀን ዕረፍት ያዛል። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ ማረፍም አለበት። ክንዳቸው እየደከመ ዘወትር የሚወረውሩ ታዳጊዎች ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ እንደሚሆን በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ከጓደኛ ጋር በቀስታ ኳስ መቀባበል ይችላል፤ ከመወርወሪያው ጉብታ ላይ በሙሉ ኃይል መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው።

የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ የሚቆጥረው የትምህርት ቤቱን ጨዋታ ብቻ ነው። ልጁ ቅዳሜና እሑድ በሌላ ቡድን ከተጫወተ፣ በግል አሰልጣኝ ዘንድ ከወረወረ፣ ጠቅላላውን የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ ካልሆነ የትም የለም። ቤዝቦልን ባያውቁትም ይህን መሥራት ይችላሉ፦ ቀኑን፣ የውርወራውን ቁጥርና በማግሥቱ ክንዱ የተሰማውን በአንድ ደብተር ይጻፉ። በሌሎች ልጆች ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ» ማለትን ከሕፃንነቱ ተምሯል። አሜሪካዊው አሰልጣኝ ይህን ቃል እንዳለ ይወስደዋል። ስለዚህ ክንዱን ሲያመው መናገር ብልግናም ስንፍናም እንዳልሆነ ከእርስዎ አፍ መስማት አለበት።

ከአሰልጣኙ ጋር መነጋገር ያለበት ልጁ ራሱ ነው፤ እርስዎ አይሂዱለት። ይጠይቀው፦ «ጀማሪ ለመሆን ምን ላሻሽል? መቼ እንደገና ታየኛለህ?» ከዚያ ቡልፔኑን በደስታ ይቀበል። እርስዎ የሚገቡበት አንድ ጉዳይ ብቻ አለ፤ እርሱም የማሟሟቂያው ውርወራ ነው። በጨዋታ የሚቆጠረው ለመቺ የተወረወረው ብቻ ነው። ተጠባባቂ ልጅ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ቢያሟሙቅና ሳይገባ ቢቀር መዝገቡ ላይ ዜሮ ይጻፍለታል፤ ክንዱ ግን አርባ ውርወራ ተሸክሟል። አሰልጣኙ ይህንንም እንዲቆጥር፣ በዚያው ቀንም ልጁን የወርዋሪ ኳስ ተቀባይ (ካቸር) አድርጎ እንዳያጫውተው በትሕትና ይጠይቁ። የክርኑን ውስጠኛ ጎን ካመመው፣ ትንሿ ጣቱ ከደነዘዘች፣ ወይም ፍጥነቱና ኢላማው ድንገት ከወረደ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው እንዳያሰልፉት፤ በ16 ዓመት የአጥንቱ የእድገት ክፍል ገና ላይዘጋ ስለሚችል፣ ወደ ጉብታው ከመመለሱ በፊት የስፖርት ሐኪም ይየው።